መልስ፦ ለሜዲካል ስኩል ዘንድሮ ድጋሚ ላመልክት ወይስ አንድ ዓመት ልጠብቅ?

እህቴ፣ አይዞሽ። 18 ትምህርት ቤት አመልክቶ አንድም ኢንተርቪው አለማግኘት ልብ ይሰብራል። እኔም እዚሁ አሜሪካ የገባሁት በሁለተኛው ሙከራ ነው።

ከጻፍሽው ውስጥ ይበልጥ ያሳሰበኝ የኤምካት (የሜዲካል ስኩል መግቢያ ፈተና) ውጤትሽ 503 መሆኑ አይደለም። ማመልከቻውን ሴፕቴምበር ላይ መላክሽ ነው። አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ፋይል የሚያዩት በደረሰበት ቅደም ተከተል ነው። ጁን ላይ የላኩት ልጆች ኢንተርቪው ሲጠሩ ያንቺ ትራንስክሪፕት ገና አምካስ (ማመልከቻ ተቀብሎ አጣርቶ ለትምህርት ቤቶቹ የሚልከው ማዕከል) ውስጥ እየተጣራ ነበር።

ስለዚህ ያንኑ ወረቀት መልሰሽ አትላኪ። አንድ ዓመት ጠብቂ። ኤምካትን በዓመት 3፣ በሁለት ዓመት 4፣ በዕድሜ ልክ 7 ጊዜ ብቻ ነው መፈተን የሚቻለው። በልምምድ ፈተና ውጤትሽ ከፍ ሳይል አትቀመጪ።

ሌላው ዋና ነገር ታካሚ አጠገብ ያሳለፍሽው ሰዓት ነው። የጻፍሽው 40 ሰዓት በጣም ያንሳል። ስክራይብ (ሐኪም ታካሚ ሲያይ ማስታወሻ የሚጽፍ) ወይም ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ሆነሽ ሥሪ። እኔ ነርሲንግ ሆም ስሠራ አንድ አባት ካልሲ ሳወልቅላቸው ተረከዛቸው ላይ ቁስል አየሁ። ስኳር ስላለባቸው ሕመሙ አልተሰማቸውም። ሮጬ ለነርሷ ነገርኳት። ሁለተኛው ፐርሰናል ስቴትመንቴ (ለምን ሐኪም መሆን እንደፈለግሁ ለማመልከቻው የጻፍኩት ጽሑፍ) የጀመረው ከዚያች ካልሲ ነው። የመጀመሪያው «ሰው መርዳት እወዳለሁ» የሚል ነበር፤ እሱን ሁሉም ይጽፈዋል።

ያልተቀበሉሽንም በኢሜይል ጠይቂያቸው። ሁሉም አይመልሱም፣ አንዳንዶቹ ግን ጉድለትሽን በግልጽ ይነግሩሻል። የዲኦ (የኦስቲዮፓቲክ ሕክምና ዲግሪ) ትምህርት ቤቶችንም ጨምሪ፤ ተመራቂዎቻቸው እዚህ እንደ ኤምዲ (የተለመደው የሕክምና ዲግሪ) ተመራቂዎች ሙሉ ሐኪም ናቸው። ጽሑፍሽን ስትጨርሺ ላኪልኝ፣ አነብልሻለሁ።