«እናቴ ስታወራ ለምን መስኮት ትዘጋለች?»

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የ24 ዓመት ልጅ ነኝ። እናቴ ያደገችው በደርግ ጊዜ እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ስለ ኑሮ ውድነት እንኳ ስናወራ ተነሥታ መስኮቱን ትዘጋለች። ፌስቡክ ላይ አንድ ነገር ከጻፍኩ «አጥፊው» እያለች እንቅልፍ ታጣለች። ስለ ልጅነቷ ስጠይቃት ደግሞ «ምን ያደርግልሻል?» ብላ ወሬ ትቀይራለች። እንዴት ላናግራት?
ም. ከጀሞ

መልስ፦ ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። እናትሽና እኔ እኩዮች ሳንሆን አንቀርም። ቀይ ሽብር በበረታበት በ1970 ዓ.ም. ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሰፈሬ ጉለሌ ነው።

አባቴ ማታ ማታ የጀርመን ድምፅን የአማርኛ ሥርጭት ያዳምጥ ነበር። ሬዲዮኑን ጋቢ ውስጥ ከቶ፣ ጆሮውን ለጥፎ። አንድ ቀን አስተማሪያችን «ቤታችሁ ማታ የትኛው ሬዲዮ ነው የሚከፈተው?» ብሎ በየተራ ጠየቀን። ተራዬ እስኪደርስ ላብ አጠመቀኝ። «የኛ ተበላሽቷል» አልኩ። ለአባቴ ስነግረው አልተቆጣኝም። ባትሪዎቹን አውጥቶ ሬዲዮኑን ቁምሳጥን ላይ ሰቀለው። ያልኩት እውነት እንዲሆን።

ከሁሉ የማልረሳው ግን ሌላ ነው። የጎረቤታችን ልጅ ተገደለ። ያኔ «አናርኪስት» ተብሎ ለተገደለ ማልቀስ ክልክል ነበር። ድንኳን የለ፣ እድር የለ። አስከሬን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ ክፈሉ የተባሉ ቤተሰቦችም ነበሩ። እኛ አገር ለቅሶ የማይደርስ ማን አለ? የተጣላ እንኳ ይደርሳል። እናቴ ባዶ የበርበሬ ቆርቆሮ ይዛ፣ እኔን አስከትላ፣ «በርበሬ አበድሩኝ» እያለች ገባች። ሁለቱ እናቶች ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው ተላቀሱ። እኔ ሰው እንዳይመጣ በር ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። ስንወጣ እናቴ ቆርቆሮውን ከድና ደረቷ ላይ አቀፈችው። ላየን ሰው የሞላ እንዲመስል።

እናትሽም እንደኔ በር ስትጠብቅ ያደገች ይመስለኛል። ዛሬ የምትጠብቀው አንቺን ነው።

«ምን አየሽ?» ብለሽ አትጀምሪ። እንደዚያ ሲጠይቀን የነበረው ቀበሌ ነው። ቀለል ካለው ነገር ተነሺ። የቀበሌ ሱቅ ለስኳርና ለሳሙና ስትሰለፍ ከማን ጋር ነበር የምትሄደው? መስከረም 2 ለአብዮት በዓል ሰልፍ ምን አስለበሷት? ቡና ስታፈላ ጠይቂያት። እጅ ሥራ ሲይዝ አፍ ይፈታል። በስልክ ግን አትቅረጫት፣ ለጊዜው እንኳ። መስቀል አደባባይ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም እሷ ካላነሣችው «እንሂድ» አትበያት። እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ በሩ ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ።

ጽሑፍሽን ተዪው አልልሽም። ከመለጠፍሽ በፊት አንብቢላት። ሳታውቀው ሲወጣ ነው የምትደነግጠው።

መስኮቱን ልትዘጋ ስትነሣ ደግሞ ቀድመሻት ተነሺና ዝጊላት።