ትምህርት ቤት ከመቀየርሽ በፊት የቡሊንግ (የማንገላታት) ሪፖርት ፎርሙን ሙዪ

እህቴ፣ ልጅሽን ሚድል ስኩል ውስጥ «ጌይ» (ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ) እያሉ እንደሚያሰቃዩትና ትምህርት ቤት ልትቀይሪለት እንዳሰብሽ አነበብኩ። እኔም እዚሁ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነኝ፣ በልጄ ደርሶብኛል። አትቀይሪው። የዛሬ ልጆች ስልክ ይዘዋል፤ ስሙ አዲሱ ትምህርት ቤት ቀድሞት ይደርሳል።

1ኛ፦ «ነህ ወይስ አይደለህም?» ብለሽ አታፋጥጪው። «ልጄ እንደዛ አይደለም» ብለሽ ደጋግመሽ ጽፈሻል። ይገባኛል፣ ግን አይጠቅምሽም። የሜሪላንድ ሕግ ልጁ በእውነት ጌይ ሆነም፣ ሌሎቹ ስለመሰላቸው ብቻም ቢያንገላቱት እኩል ይከለክላል። የእኔን ልጅ የጀመሩት እግር ኳስ ትቶ ቲያትር ስለገባ ነው። ሌላው ድምፁ ስለቀጠነ ብቻ ይሰደባል። ደግሞ ነኝ ቢልሽስ? ቤት ዘመድ ተሰብስቦ በእንደዚህ ዓይነት ሰው ሲቀለድ ማን እንደሚስቅ ልጅሽ ያያል። የሃይማኖቱን ክርክር እዚህ አልከፍተውም፤ ልጅ ከሎከር (ኮሪደር ላይ ካለው የተማሪዎች ቁም ሳጥን) ጋር ይላተም የሚል ሃይማኖት ግን አላውቅም።

2ኛ፦ ቢሮ ከመሄድሽ በፊት አስተርጓሚ ጠይቂ። እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው። የሌሊት ሥራዬን ጨርሼ ሳልተኛ ሄድኩ። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችው ሴትዮ ቀና ብላም አላየችኝም። ምክትል ርእሰ መምህሩ በመከራ ብቅ ሲል እንግሊዝኛዬ አልጣመውም መሰለኝ፣ ልጄን ከክፍል አስጠርቶ «አንተ አስተርጉምለት» አለው። እስቲ አስቢው! የ12 ዓመት ልጅ የተሰደበውን ስድብ ራሱ በአማርኛ ለአባቱ ሊናገር። መሬት መሬት እያየ «አባ፣ ቀልድ ነው እያለ ነው፣ እንሂድ» አለኝ። ሰውዬው ፈገግ ብሎ ሸኘን። እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል።

እንደ ሞንጎመሪ ካውንቲ ያሉ ብዙ ሐበሻ ያለባቸው የትምህርት ዲስትሪክቶች የአማርኛ አስተርጓሚ በነፃ ያቀርባሉ። ይህን የነገረኝ ቢሮው ሳይሆን የሥራ ባልደረባዬ ነው።

3ኛ፦ የቃል አቤቱታ ይረሳል፤ ወረቀት አይረሳም። የቡሊንግ፣ የትንኮሳና የማስፈራራት ሪፖርት ፎርም የሚባል አለ። ተማሪው ራሱ፣ ወላጅ ወይም የቅርብ ዘመድ መሙላት ይችላል። ምክንያቱን ሲጠይቅሽ እፍረት ይዞሽ «ሌላ» የሚለው ላይ ምልክት እንዳታደርጊ፤ «ጾታዊ ዝንባሌ» የሚለው ላይ አድርጊ። ነገሩ «ቀልድ» መባሉ የሚቀረው ያኔ ነው። የተባለውን ቃል እንዳለ ጻፊ፣ ቢቀፍሽም። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ማን እንዳየ ጻፊ፤ ስክሪንሻቱን አያይዢ። ኮፒው ላይ ቀን አስጽፈሽ ያዢ።

እኔ ያን ወረቀት ይዤ ስመለስ የዊስኮንሲኑን የጄሚ ናቦዝኒን ጉዳይም አንብቤ ነበር። ለዓመታት ሲደበደብ ኃላፊዎቹ ዝም ያሉት ተማሪ ነው። በ1996 የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ክሱ ይቀጥል አለ፤ ትምህርት ቤቱ ከ900 ሺህ ዶላር በላይ ከፍሎ ተስማማ። ስሙን ብቻ ነው የጠራሁት። ያው ምክትል ርእሰ መምህር በአስተርጓሚ፣ «ሚስተር» እያለ ራሱ ደወለልኝ! የሎከሩ ኮሪደር ላይ አስተማሪ ቆመ፣ የሚሰድቡት ሁለቱ ልጆች ከልጄ ክፍል ወጡ። አንደኛው በስናፕቻት ቀጥሎ ነበር፤ ለእሱም ሌላ ፎርም ሞላሁ።

ልጄ አሁንም ቲያትር ላይ ነው፣ ባለፈው ንጉሥ ሆኖ ሠራ። ጎበዝ ነው፣ አባቱ ስለሆንኩ አይደለም።

ልጅሽ መኖር ሰልችቶኛል የሚል ነገር ከአፉ ከወጣ ግን ፎርም አትጠብቂ፣ ያኔውኑ 988 (ራስን ለማጥፋት ለሚያስብ ሰው እርዳታ የሚሰጥ የስልክ መስመር) ደውዪ። ፎርሙ ላይ የከበደሽ ጥያቄ ካለ ኢንቦክስ አድርጊልኝ፤ ቀን ስለምተኛ ወደ ማታ ነው የማየው።