«የሚወድምበት» ወይስ «የወደመበት»?

ጥያቄ፦ የአሜሪካ መንግሥት ከሰው ሽል በተገኙ ስቴም ሴሎች (ወደ ልዩ ልዩ የሰውነት ሴሎች ሊለወጡ በሚችሉ ሴሎች) ላይ ለሚደረግ ምርምር ገንዘብ የሚሰጥበትን ደንብ የሚያብራራ ጽሑፍ እየተረጎምሁ ነው። ሕጉ የመንግሥት ገንዘብ እንዳይወጣበት የሚከለክለውን ምርምር አንድ ቦታ «ሽል የሚወድምበት»፣ ሌላ ቦታ «ሽል የወደመበት» ብዬዋለሁ። አርታኢዬ ልዩነት የለውም ይሉኛል፤ እርስዎስ?

መልስ፦ ልዩነት አለው፤ መንግሥት ለዚህ ምርምር ገንዘብ መስጠቱን በመቃወም የቀረበው የፍርድ ቤት ክርክር ራሱ የተንጠለጠለው በዚሁ ላይ ነበር። ዲኪ-ዊከር የሚባለው ክልከላ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ከዓመታዊው የበጀት ሕግ ጋር እየተያያዘ ይወጣል፤ ግሡም የተጻፈው በአሁን ጊዜ ነው። ሴሎቹ ከሰው ሽል ወጥተው በቤተ ሙከራ መራባታቸው የተገለጠው ግን በ1998 ስለሆነ፣ ሕጉ መጀመሪያ ሲወጣ ይህ ጥያቄ ገና በተግባር አልተነሣም ነበር። ሽሉ የሚወድመው ሴሎቹ ሲወጡ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሴሎቹ ለዓመታት እየተራቡ ብዙ ተመራማሪዎች ይሠሩባቸዋል።

በእኛው ቋንቋ እንየው። «በግ የሚታረድበት ቦታ» ብንል ቄራ ነው፤ ቆዳ ፋብሪካውን ማንም እንዲህ አይለውም፣ ምንም እንኳ ወደዚያ የሚገባው ቆዳ ሁሉ የታረደ በግ ቆዳ ቢሆን። «በግ የታረደበት ድግስ» ስንል ግን እንግዶቹ ሲደርሱ ዕርዱ አልቋል፤ ቢሆንም ዕርዱን የድግሱ አካል አድርገን እንቆጥረዋለን። በ2010 ዳኛ ሮይስ ላምበርዝ ሴል ማውጣቱንና በሴሉ መመራመሩን ነጣጥሎ ማየት አይቻልም ብለው የመንግሥቱን ድጋፍ ሲያግዱ፣ ያነበቡት ልክ እንደ ድግሱ ነበር። በ2011 የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2 ለ1 ድምፅ እግዱን ሲያነሣ ደግሞ፣ የአሁን ጊዜ ግስ ያለፈን ድርጊት አይጨምርም የሚለውን ከምክንያቶቹ አንዱ አደረገ።

ስለዚህ «የወደመበት» ቢሉ፣ ወይም በቦዝ አንቀጽ «ሽል አውድሞ የሚካሄድ» ቢሉ፣ አንባቢው ሳያውቀው ለከሳሾቹ ፈርደውላቸዋል ማለት ነው። «የሚወድምበት» የሚለውን ይያዙ፤ የትንቢት አንቀጻችን የአሁኑንም የወደፊቱንም ስለሚሸፍን የእንግሊዝኛውን ግስ ይመጥናል። የባራክ ኦባማ ትእዛዝ በ2009 የጆርጅ ቡሽን የ2001 የድጋፍ ገደብ ካነሣ በኋላ የምርምር ገንዘቡን የሚያከፋፍሉት ብሔራዊ የጤና ተቋማት (NIH) ያወጡት መመሪያም ከዚሁ ንባብ ጋር ይሄዳል፤ ገንዘቡ የሚሰጠው ቀድሞ በወጡ ሴሎች ለሚሠራ እንጂ ሴል ለማውጣት አይደለምና።

ሳይጠይቁኝ ልጨምር፤ «ፅንስ» ትተው «ሽል» ማለትዎን ወድጄዋለሁ። «ፅንስ» በዕለት ንግግራችን ከማህፀንና ከማስወረድ ጋር ተጣብቋል፤ መመሪያው የሚናገረው ግን ልጅ ለመውለድ ከማህፀን ውጭ ተዘጋጅተው ስለተረፉ፣ ባለቤቶቹም ያለ ክፍያ ፈቅደው ስለሰጧቸው ሽሎች ነው። ምዕራፍ ለውጠው «የሚገደልበት» ብለው ከሆነም ይመልሱት፤ ሽሉ ሰው ነው ወይስ አይደለም የሚለው ገና የሚያከራክር ሳለ ቃሉ ፍርዱን ቀድሞ ይሰጣል።