ጎማ ብረት ሲበላ

ከደሴ አንድ ባለ ወፍጮ እንዲህ ብሎ ጠይቆኛል፦ «የወፍጮዬ ሻፍት ኦይል ሲሉ የሚነካው ቦታ ላይ በየጥቂት ወሩ ዙሪያውን ይቦረቦራል። ግሪሱ ይፈሳል። በብየዳ አስሞልቼ ቶርኖ ቤት እወስደዋለሁ፤ ተመልሶ ያው ነው። ክሮም ላስለብጠው?»

አብሽር ወንድሜ፣ መላ አለው። ክሮሙን ግን ትንሽ አቆየው።

ኦይል ሲል ማለት ቅባቱ እንዳይወጣ የሚዞረውን ዘንግ፣ ሻፍቱን፣ ዙሪያውን የሚያቅፈው የጎማ ቀለበት ነው። መጀመሪያ ጎማው አፍ ላይ ያለውን ግሪስ በሁለት ጣትህ አሸት አድርገው። ሻከረህ? ሌባው እሱ ነው። የወፍጮ ድንጋይ ብናኝና ከእህል ጋር የገባ አፈር ጎማው ላይ ይሰካል። ከዚያ በኋላ ጎማ መሆኑ ይቀርና ሞረድ ይሆናል። ሻፍትህ ደግሞ ተራ ለስላሳ ብረት ከሆነ ምን አቅም አለው? እንዲህ ላለ ቦታ የሚመከረው ጥንካሬ ሮክዌል ሲ በሚሉት የብረት ጥንካሬ መለኪያ ቢያንስ 45 ነው፤ ቆሻሻ ባለበት 55።

ስለዚህ ሐሳብህ ልክ ነው። ግን ክሮም ሁሉ አንድ አይደለም። የመኪና መከላከያ ላይ የሚያብለጨልጨው ብዙውን ጊዜ 1 ማይክሮን፣ የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ፣ እንኳ አይሞላም፤ ለዓይን ነው። ላንተ የሚሆነው ሃርድ ክሮም የሚሉት ወፍራሙ ነው። እሱም የብየዳ ቀዳዳ አይደፍንም፤ ብየዳው ንጹሕ ካልሆነ ብርህን ውሃ በላው።

አጨራረሱንም ራስህ እይ። የቶርኖ ቢላ የሚዞረውን ብረት እየላገ ሲሄድ እንደ ቡሎን ጥርስ የተጠማዘዘ ቀጭን መስመር ይተዋል። መስመሩ አቅጣጫው ከገጠመ፣ ሻፍቱ በዞረ ቁጥር ቅባቱን ወደ ውጭ ይነዳዋል። በጣም ማለስለስም አይበጅም። ልጅ ሳለሁ አንዱን ሻፍት እንደ መስታወት አብርቼ ኮርቼ ሰጠሁ። ቅባት የሚይዝበት አጥቶ ጎማው ተቃጠለ፤ ባለቤቱ ይዞት ሲመጣ የገባሁበት ጠፋኝ።

ብር ከማውጣትህ በፊት ግን ይኼን ሞክር። አዲሱን ኦይል ሲል እስከ ጥግ አታስገባው፤ ቦታ ካለህ 3 ሚሊሜትር ያህል ወደ ውጭ አስቀረው። ያልተበላ ብረት ላይ ያርፋል። ከውጭ በኩል የወፍራም ሱፍ ቀለበት አድርግለት፣ ብናኙን ይይዝልሃል። ግሪስ ስትሞላም አሮጌውን መጀመሪያ ጥረገው። እኔ ብሆን በዚህ እጀምር ነበር።

የሚቦረቦረው ኩሽኔታው፣ ሻፍቱን ይዞ የሚያዞረው ባለ ኳስ ቀለበት፣ የተቀመጠበት ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ የውስጥ ቀለበቱ ከሻፍቱ ጋር አብሮ መዞር አለበት፤ መንሸራተቱ ራሱ ነው በሽታው። ልኩን ሳላይ ምንም አልልህም። ሻፍቱን ከነኩሽኔታው ይዘህ ሐረጎን ውረድ፣ ኮምቦልቻ ነኝ።