ካርዱ ላይ የጠፋችው «1»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አራት ኪሎ፣ ከብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ብዙ ሳይርቅ ትንሽ የህትመት ሱቅ አለኝ። በአንድ ፕሪንተር ብቻዬን ጀምሬ ዛሬ ስድስት ሠራተኞች አሉኝ። ባለፈው ጥር 400 የሰርግ ጥሪ ካርድ አትመን ስናስረክብ «እሁድ ጥር 17» መሆን የነበረበት «እሁድ ጥር 7» ሆኖ ወጣ። የሙሽራው ቤተሰቦች መጥተው ሲቆጡ «የተሳሳተችው ዲዛይነሯ ናት» አልኳቸው። እንደገና ብናትምላቸውም የባነሩን ሥራ ወደ ሌላ ቤት ወሰዱት። ኪሳራውን ከልጅቷ ደሞዝ ልቆርጥ አስቤያለሁ። በዚያ ላይ ከጓደኛዬ ጋር ካፌ ልንከፍት ሩጫ ላይ ነኝ፣ ስልኬም እረፍት የለውም። ሥራው እያደገ ነው፤ ግን ከእጄ እየወጣ ይመስለኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከደሞዙ ልጀምር፤ ገና አልቆረጥክምና። እባክህ አትቁረጥ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ በራሱ ውሳኔ ብቻ ከደሞዝ እንዲቀንስ አይፈቅድለትም። ልጅቷ በጽሑፍ ብትስማማ እንኳን ከወር ደሞዟ ከሲሶው በላይ መንካት አትችልም። ሕጉ ባይኖርም ግን መልሴ ያው ነበር።

ጥር ላይ የካርድ ሥራ ምን እንደሚመስል አንተ ታውቀዋለህ። የገና ጾም ይፈታል፣ ጥምቀት ያልፋል፣ ከዚያ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ሰርግ በሰርግ ነው፤ ሁሉም «ለነገ ይድረስልኝ» ይላል። በዚያ ጥድፊያ አንዲት «1» መዝለል ማንም ላይ ይደርሳል። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ካርዱ ከልጅቷ ኮምፒውተር ወጥቶ 400 ጊዜ ሲታተም፣ ሲቆረጥ፣ ሲታሸግ ማን አነበበው? ጥር 7 እኮ ሐሙስ ነበር። ካላንደር አጠገቡ አድርጎ ያየ ሰው ወዲያው ይይዘው ነበር። ብቻህን ስትሠራ የምታነበው አንተ ነበርክ። ሰው ስትቀጥር ያንን ሥራ ለማንም ሳታስረክብ ወደ ካፌው ሩጫ ሄድክ። ጥፋቱ ያንተ ነው የምለው ለዚህ ነው።

እኔም ፒያሳ ልብስ ስፌት ቤት ነበረኝ። አንድ ጊዜ የዩኒፎርም ልኬት ተሳሳተና ሰፊውን በደንበኛው ፊት ጮኽኩበት። ደንበኛው አልተመለሰም፤ ሰፊውም ከሁለት ወር በኋላ ለቀቀ። የከፋው ግን ከዚያ የመጣው ነው፤ የቀሩት ልጆች ስህተት ሲያዩ መደበቅ ጀመሩ፣ እኔ የምሰማው ልብሱ ከቤት ከወጣ በኋላ ሆነ። እስካሁን ይቆጨኛል። ያንተም ሠራተኞች ያን ቀን ያልከውን ሰምተዋል።

ስለዚህ ለቤተሰቡ ደውል። «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሳላየው መውጣት አልነበረበትም» በላቸው፤ የልጅቷን ነገር አታንሳ። ሥራውን ይመልሱልኛል ብለህ አይደለም፤ እውነቱ እሱ ስለሆነ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ ደንበኛው የታተመ ናሙና ላይ ካልፈረመ፣ ወይም በቴሌግራም «ይታተም» ብሎ ካልጻፈ፣ ማሽኑ አይነሳ። ስም፣ ቀን፣ አዳራሽ፣ ስልክ ቁጥር፣ እነዚህን ዲዛይኑን ያልሠራ ሌላ ሰው ጮክ ብሎ ያንብብ። የኢትዮጵያም የአውሮፓም አቆጣጠር ካለበት ሁለቱንም ከካላንደር ጋር ያስተያይ።

ካፌውን አቆየው። ሱቁ አንተ በሌለህበት አንድ ወር ያለ ቅሬታ ሲሠራ ያኔ ከጓደኛህ ጋር ቁጭ በሉ። ለካፌው ልታወጣ ያሰብከው ብር ከየት እንደሚመጣም ደግመህ አስብበት። ቴሌብርህ ላይ የምታየው ቀብድ የወረቀትና የቀለም ነው፤ ደንበኛው ዕቃውን እስኪረከብ ያንተ አይደለም። ከሠራተኞችህ ደሞዝ የምትቀንሰው 7 በመቶ ጡረታ፣ አንተ ከምትጨምረው 11 በመቶ ጋር፣ የእነሱ እርጅና ነው። በየወሩ ገቢ አድርገው፣ ለአንድ ሳምንትም አትበደረው።

ስልኩን በተመለከተ፣ ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ደንበኛ የሚቀበለው ልጅ ጋር ይቀመጥ። አንተ ናሙናው ጠረጴዛ ላይ ሁን።

ልጅቷን ግን ነገ ጠዋት፣ እነዚያው ልጆች ባሉበት፣ ይቅርታ ጠይቃት። እስከ ሰኞ አታሳድረው።