ካታሊስቱን ከማስቆረጥህ በፊት ወንፊቱን እይ

አንድ አንባቢ ከደብረ ብርሃን ጽፎልኛል። 3.0 ሊትር ናፍጣ ሞተር ያለው ቶዮታ ሂሉክስ ቪጎ ይነዳል። ጠዋት ሲያስነሳው ከሞተሩ «ጭፍ ጭፍ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ሲሞቅ ይቀንሳል። ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ሲወጣ ደግሞ ያፏጫል፣ ጉልበት ያጣል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል። አንድ ጋራዥ «ካታሊስቱን ቆርጠን እናውጣ፣ ኢጂአሩንም በላሜራ እንድፈነው፣ ይተነፍስልሃል» ብሎታል። ካታሊስት በጭስ መውጫው ላይ ያለ ጭሱን የሚያጠራ ዕቃ ነው፤ ኢጂአር ደግሞ ከጭሱ ጥቂቱን ወደ ሞተሩ የሚመልስ ቫልቭ ነው። ላሠራው ወይ? ነው ጥያቄው።

አታሠራው ወንድሜ። የነገርከኝ ሁለት ድምፅ ነው፤ መነሻቸውም ለየቅል ነው። እኔን የሚያስፈራኝ የጠዋቱ ነው።

በዚህ ሞተር ኢንጀክተር (ናፍጣ የሚረጨው ዕቃ) ሥር ትንሽ የመዳብ ቀለበት አለች። እሷ ስትደክም የቃጠሎው ጋዝ በኢንጀክተሩ ጎን ሽቅብ ያመልጣል። ብረቱ ሲሞቅ ይለጠጥና ክፍተቱን ያጠበዋል፤ ድምፁ የሚቀንሰው ለዚህ ነው። ቀነሰ ማለት ግን ዳነ ማለት አይደለም። ኢንጀክተሮቹ የተቀመጡት ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) ክዳን ሥር ስለሆነ ጥላሸቱ በቀጥታ ዘይት ውስጥ ይገባል። ዘይቱ እንደ ሬንጅ ይወፍራል፤ ታች ያለውን የዘይት መምጠጫ ወንፊት ይደፍናል። ያኔ ዘይት ወደ ላይ መድረስ ያቆማል። አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ቱርቦ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ የሚሽከረከረው በስስ የዘይት ሽፋን ላይ ነው፤ ዘይት ካጣ ብዙ አይቆይም። ቀጥሎ ብሮንዚናው፣ ማለትም የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርበት መቀመጫ፣ ይበላል። በርካሽ ዕቃ የተጀመረ ችግር ሙሉ ሞተር ሲያስወርድ አይቻለሁና ይህን ቀላል አድርገህ አትየው።

ስለዚህ መጀመሪያ የዘይቱ መያዣ ከሥር ይፈታና ወንፊቱ ይታይ። ጥቁር ቅርፊት ከያዘ ይታጠብ፣ ቀለበቶቹ በአዲስ ይቀየሩ፣ መቀመጫቸውም በደንብ ይጽዳ። አሮጌ ቀለበት መልሶ መግጠም ሥራውን ከንቱ ያደርገዋል። ኢንጀክተሮቹ ከወጡ አይቀር ይፈተሹ፤ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተርም ሞተሩን ያንኳኳል።

ወደ ፉጨቱ እንምጣ። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ጣርማ በር ከዚያም ይበልጣል። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦው አብዝቶ ይሠራል። ከቱርቦው ወደ ኢንተርኩለር (የታመቀውን አየር ማቀዝቀዣ) በሚሄደው ማኒኮቶ (የጎማ ቱቦ) ላይ ትንሽ ስንጥቅ ካለ ወይም ማሰሪያው ፋሸታ ከላላ የታመቀው አየር እያፏጨ ይወጣል። ናፍጣው ይረጫል፣ አየሩ ያንሳል። ጥቁር ጭስና የጉልበት ማነስ ከዚህ ይመጣል። መስመሩን ዘግተህ ቀስ ብለህ በኮምፕሬሰር አየር ስጠው፣ የሳሙና ውኃ ቀባው፤ የሚያስተነፍሰው ቦታ አረፋ ይሠራል። ማኒኮቶው ደህና ከሆነ የቱርቦውን ዘንግ በእጅህ ነቅንቀው። ወደ ጎን ትንሽ መንቀሳቀሱ የተለመደ ነው። ወደ ውስጥና ወደ ውጭ የሚሄድ ወይም ክንፉ ግድግዳ የሚነካ ከሆነ ቱርቦው አልቋል። እንደ አምቡላንስ ሳይረን የሚጮኸውም እንዲህ ያለው ነው።

ካታሊስቱ ሊደፈን ይችላል፣ እውነት ነው። ግን የሚደፍነው ያልተቃጠለ ናፍጣና ዘይት ነው፤ ምንጩን ሳትዘጋ ብታወጣው ሞተሩ መታመሙን ይቀጥላል። ሲቀዘቅዝ በጎማ መዶሻ ቀስ ብለህ ምታው። ውስጡ ከተንኮሻኮሸ ተሰብሯልና ይቀየር። ውስጡ ፕላቲነምን የመሰለ ውድ ብረት እንዳለውም እወቅ። «በነጻ ላውጣልህ» የሚል ሰው ካጋጠመህ ዕቃው ለማን እንደሚቀር ጠይቅ። ኢጂአሩም ቢሆን ወጥቶ ይጽዳ፣ ጋርኒሲዮኑ (በመጋጠሚያው መሃል ያለው ማሸጊያ) ይቀየር፤ በላሜራ ሲደፈን ኮምፒዩተሩ የአየር ልኩ ይዛባበትና የቼክ ኢንጂን መብራት ሊያበራ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2012 እ.ኤ.አ. የናፍጣ ጭስን ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። ያንን ጭስ መጀመሪያ የሚተነፍሱት ግቢህ ውስጥ የሚጫወቱት ልጆች ናቸው።

ወንፊቱ ሳይታይ ጣርማ በርን እንዳትወጣ። የዘይት መብራት ብልጭ ካለ እዚያው አጥፋና መኪናውን አስጎትት።