ርካሹን ልግዛ ወይስ ውዱን? ስለ ተስተካካይ ፒንሳ ከደሴ የተሰጡ መልሶች

ደሴ ውስጥ በቧንቧ ሥራ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ቆይቻለሁ። ሰሞኑን ሙያውን የጀመሩ ልጆች ስለ አንድ መሣሪያ ደጋግመው ይጠይቁኛል፤ አፉን እያሰፋንና እያጠበብን ለተለያየ ቱቦና ዳዶ የምንጠቀምበት ተስተካካይ ፒንሳ ነው። አንዱ የሌላውን አራትና አምስት እጥፍ ዋጋ ሲጠራ ሰው ቢደናገር አይፈረድበትም። ጥያቄ ያለው ሁሉ ይጠይቅ አልሁ፤ የመጡትንም እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ከሐይቅ፦ ጋሼ፣ ሁለቱም ብረት ናቸው፤ መልካቸውም ይመሳሰላል። ዋጋቸው ለምን እንዲህ ተራራቀ?

ልዩነቱ ዓይን የማያርፍባቸው ሦስት ቦታዎች ላይ ነው፤ ጥርሱ፣ ማጠፊያውና አፉ ሲሰፋና ሲጠብ የሚቆምበት እርከኑ።

ከጥርሱ ልጀምር። ከውዶቹ አንዱ የሆነው የጀርመኑ ክኒፔክስ ኮብራ የሚሠራው ክሮምና ቫናዲየም ካለበት ብረት ነው፤ ተቀጥቅጦ ቅርጹን ከያዘ በኋላ ግሎ ዘይት ውስጥ ይነከራል። ጥርሱ ደግሞ ለብቻው ተጨማሪ የማጠንከር ሥራ ተሠርቶበት የብረት ጥንካሬ በሚለካበት በሮክዌል መለኪያ 61 ገደማ ይደርሳል፤ ይህ ከሞረድ ጥንካሬ ጋር የሚቀራረብ ነው። እጀታው ግን ሆን ተብሎ ለስለስ ይደረጋል፤ ሙሉ አካሉ እንደ ጥርሱ ቢጠነክር ኖሮ ሲወድቅ እንደ ብርጭቆ በተሰበረ ነበር። አብዛኛው ርካሽ ፒንሳ ይህ ልዩነት የለውም፤ ጥርሱም እጀታውም አንድ ዓይነት ለስላሳ ነው። ጥቂት ወራት ጋልቫናይዝድ ቱቦ (ዚንክ የተለበጠ የብረት ቱቦ) ሲነክስ የጥርሱ ጫፍ ይከብባል፤ ከዚያ በኋላ መንከሱ ይቀርና መንሸራተት ይጀምራል።

ማጠፊያውን ደግሞ ከጎን ተመልከተው። በደህናው ፒንሳ አንዱ ክንድ በሌላው ሆድ ውስጥ ያልፋል፤ ግራና ቀኙ ስለሚደግፈው ጉልበት ሲበዛበት አይጣመምም። በርካሹ ግን ሁለት ሳንቃ ብረት ተደራርቦ ጭነቱን አንዲት ፒን ብቻ ትሸከማለች። ፒኗ ስትላላ መንጋጋዎቹ ፊት ለፊት መግጠማቸው ይቀርና አንዱ ወደ ግራ ሌላው ወደ ቀኝ ይሸሻል።

እርከኑን ሰዎች ችላ ይሉታል፤ እኔ ግን ትልቅ ቦታ እሰጠዋለሁ። የ250 ሚሊ ሜትሩ ኮብራ 25 እርከን አለው፤ ቱቦው ላይ አስደግፈህ ማጠፊያው ላይ ያለችውን የምትጫን ቁልፍ ተጭነህ ታስተካክለዋለህ። አምስትና ስድስት እርከን ብቻ ያለው ፒንሳ ከሆነ ግን እጀታው ወይ በጣም ይከፈትና መዳፍህ አይጨብጠውም፣ ወይ በጣም ይጠብና ጣቶችህ ይጣበቃሉ። የእጅ ጉልበት የሚበረታው እጀታው መካከለኛ ስፋት ላይ ሲሆን ነው።

ከኮምቦልቻ፦ የቤት እመቤት ነኝ፤ ቤታችን የኪራይ ነው። የእቃ ማጠቢያው ሥር ሲያንጠባጥብ ባለሙያ እየጠራሁ ተሰላቸሁ። የትኛውን ልግዛ?

እህቴ፣ አብሽሪ፤ ርካሹ ይበቃሻል። በዓመት ሦስትና አራት ጊዜ ለምትነኪው ሥራ ብዙ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። ደግሞም የእቃ ማጠቢያው ሥር ያለው የፕላስቲክ ዳዶ ፒንሳ አይፈልግም፤ በእጅ ብቻ ይጠበቃል። ካንጠባጠበ ፈትተሽ የጎማ ቀለበቷን እዪ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ እዚያ ነው፤ ወይ ተጣማለች ወይ ደርቃለች። በፒንሳ አስጨንቆ ማጥበቅ ፕላስቲኩን ይሰነጥቀዋል፤ ያን ጊዜ ወጪው እጥፍ ይሆናል።

ከደሴ፣ ሸዋ በር፦ ብር አጥሮኝ ርካሹን ልገዛ ነው። ከርካሾቹ መካከል ደህናውን እንዴት ልለይ?

ይህ ጥያቄ ደስ አሰኝቶኛል፤ ብዙዎቻችን የምንገኘው እዚህ ላይ ነውና። ሱቅ ስትገባ አትቸኩል። መጀመሪያ ፒንሳውን ዘግተህ ወደ ብርሃን አንሣው፤ በሁለቱ መንጋጋዎች ጫፍ መካከል ብርሃን በእኩል ካለፈ ወይም ጭራሽ ካላለፈ ጥሩ ነው። በአንድ ወገን ብቻ ካለፈ ከፋብሪካው ጀምሮ የተጣመመ ነውና ተወው።

ቀጥሎ ሁለቱን እጀታ ይዘህ ወደ ግራና ቀኝ አወዛውዘው፤ ጨምቀው አላልሁም። ትንሽ መላላት ያለ ነው፤ መንጋጋው ከመንጋጋው ከተላለፈ ግን ከስድስት ወር በኋላ ምን እንደሚሆን አሁኑኑ እያየኸው ነው።

ከዚያ እያንዳንዱን እርከን ሞክር። እያንዳንዱ ላይ አስገብተህ በሙሉ ጉልበትህ ጨብጥ፤ አንዱ እርከን ላይ እንኳ ካመለጠ መልሰው። ሥራ ላይ የሚያመልጠው የጨበጥኸው ጉልበት ሁሉ ባለበት ሰዓት ነውና ጣትህን ከግድግዳ ጋር ያጋጭሃል።

መጨረሻ ላይ፣ ባለሱቁ ከፈቀደልህ፣ የሞረድ ጫፍ ይዘህ ከኋላ ያለውን የአንዱን ጥርስ ጠርዝ ጫር አድርገው። ሞረዱ ሲንሸራተት ጥርሱ ጠንካራ ነው ማለት ነው፤ እንደ ሚስማር ብረት ቆርሶ ከወሰደለት ተወው። እጀታውን ግን አትሞርድ፤ የደህናውም እጀታ ለስላሳ ነውና ያሳስትሃል። እኔ በዚህ መንገድ መርጬ የገዛሁት ርካሽ ፒንሳ አራት ዓመት አገልግሎኛል፤ እስከ ዛሬም ከሳጥኔ አልወጣም።

የእጀታውን ጎማ ቀለምና ውፍረት ግን አትመልከተው። ሰው ብዙውን ጊዜ የሚገዛው እሱን ነው።

ከወልድያ፦ ተበድሬ ውዱን ገዛሁ፤ አሁንም ይንሸራተትብኛል። ተታለልሁ?

ሊሆን ይችላል፤ መጀመሪያ ግን አያያዝህን እንይ። ይህ ፒንሳ በሁለቱም አቅጣጫ እኩል አይነክስም። ጥርሱ የተዘነበለው መዞርን እንዲቃወም ነው፤ ስለዚህ የምታዞርበት ጉልበት ራሱ መንጋጋውን ይበልጥ የሚዘጋ መሆን አለበት። በላይኛው እጀታ ላይ ወደ ታችኛው እጀታ አቅጣጫ ስትጫን ፒንሳው አብሮ ይዞራል፤ አብሮም ይነክሳል። በተቃራኒው ከጎተትኸው መንጋጋውን እየከፈትኸው ነው። ከተንሸራተተ ፒንሳውን ገልብጠህ ያዘውና እንደገና ሞክር፤ ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚያው ይፈታል።

ሁለተኛው፣ ቱቦውን በአፉ ጫፍ አትያዘው፤ ወደ አፉ ውስጠኛ ጎድጓዳ አስገባው። ሦስተኛው፣ እርከኑን አንድ ደረጃ አጥብበው ወይም አስፋው፤ እጀታው በጭብጥህ ልክ እስኪመጣ ድረስ።

ይህን ሁሉ አድርገህ አሁንም ካመለጠ ግን አስመስለው የተሠሩ እንዳሉ እወቅ። የእውነተኛው ክኒፔክስ ኮብራ ብረቱ ላይ ቁጥሩ ተጽፎ ይገኛል፤ ለምሳሌ የአንዱ የ250 ሚሊ ሜትር ዓይነት 87 01 250 ነው። ቁጥር ማስመሰል ቀላል ስለሆነ ግን ዋናው ምስክር ቁልፉ ነው፤ ሲጫን ሳይንቀጠቀጥ ይገባል፣ ሲለቀቅ ጥርት ያለ ድምፅ አሰምቶ ይቆለፋል፤ የታሰረ እርከንም በጉልበት አይዘልም።

ከመርሳ፦ ማሸጊያው ላይ «2 ኢንች ይይዛል» ይላል። የሁለት ኢንች ቱቦ ላይ ግን አፉ አልደርስ አለ። ውሸት ነው?

ውሸት አይደለም፤ ሁለት የተለያዩ ኢንቾች ናቸው። ፒንሳው ላይ የተጻፈው በትክክል የሚለካ ስፋት ነው፤ 2 ኢንች ማለት 50 ሚሊ ሜትር ገደማ። የጋልቫናይዝድ ቱቦ ኢንች ግን ስም ነው እንጂ የውጭ ልኩ አይደለም። የግማሽ ኢንች ቱቦ በውጭ 21.3 ሚሊ ሜትር ነው፤ የአንድ ኢንቹ 33.7፤ የአንድ ተኩል ኢንቹ 48.3፤ የሁለት ኢንቹ ደግሞ 60.3። ስለዚህ የ250ው ፒንሳ እስከ አንድ ተኩል ኢንች ቱቦ ድረስ ያገለግልሃል። ለሁለት ኢንች የ300ው ወይም ትልቁ የቱቦ መፍቻ ያስፈልግሃል። ይህን ሳያውቁ ገዝተው የተመለሱ ብዙ ናቸው።

ከቆቦ፦ ለመስኖ የውሃ ፓምፕ እንጠቀማለን። ፒንሳው ሁልጊዜ አሸዋና ጭቃ ውስጥ ነው።

ይህ ዓይነቱ ፒንሳ በእንግሊዝኛ ከሚጠራባቸው ስሞች አንዱ «የውሃ ፓምፕ ፒንሳ» ነው፤ የፓምፕን ማሸጊያ ዳዶ ለማጥበቅ ስላገለገለ። እናንተ ጋ በትክክለኛ ቦታው ላይ ነው ማለት ይቻላል።

ለእርሻ ግን ውዱን አልመክርም። ማሳ ውስጥ ዕቃ ይጠፋል፤ ጎረቤት ተውሶ ይረሳዋል፤ ትራክተር ይሄድበታል። የሚጫን ቁልፍ የሌለውን፣ አንዱ ክንድ በሌላው ላይ ወደተቦረቦሩ ጎድጓዳ መስመሮች እየገባ የሚስተካከለውን ባለ ጎድጓዳ እርከን፣ መካከለኛ ዋጋ ያለውን ግዙ። የሚጫን ቁልፍ ያለው ዓይነት ውስጡ ትንሽ ሞላ ስላለው አሸዋ ሲገባበት ይያዛል፤ ባለ ጎድጓዳው ግን በውሃ ሲታጠብና የሞተር ዘይት ጠብ ሲልበት ይመለሳል። የሦስት ኢንች ሆዝ ማያያዣ ላይ ደግሞ በፒንሳ አትታገሉ፤ ጆሮ ያለውን ማያያዣ በእንጨት መዶሻ መታ መታ ማድረግ ይሻላል።

ከላሊበላ፦ የሆቴል ጥገና ሠራተኛ ነኝ። የሚያብረቀርቁ ቧንቧዎችን ጥርሱ ይጭርብኛል።

ጥርስ ያለው ፒንሳ፣ ርካሽም ይሁን ውድ፣ ኒኬልና ክሮም ይበላል። እንዲያውም ውዱ ይበልጥ ይበላል። ጥርስ የሌለው፣ መንጋጋዎቹ ለስላሳና ሁልጊዜ ትይዩ ሆነው የሚገጥሙ የፒንሳ መፍቻ አለ፤ ክኒፔክስም ይሠራዋል። ለሆቴል ሥራ ገንዘብ የማወጣው በእሱ ላይ ነበር። እስክታገኘው ድረስ ቁራጭ ቆዳ መሃል አድርግ፤ ጨርቅ ይቀደዳል።

ከደሴ፣ ሆጤ፦ ቀይና ቢጫ እጀታ ያለው ኤሌክትሪክ አያስይዝም ይባላል። እውነት ነው?

ቀለም ማንንም አያድንም። ለኤሌክትሪክ የተሠራ መሣሪያ ላይ የ1000 ቮልት ምልክትና የተደራረቡ ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ቅርጾች ታትመውበታል፤ አይኢሲ 60900 የተባለውን መስፈርት አልፏል ማለት ነው። ያ ከሌለ ጎማው ለእጅ ምቾት ብቻ ነው። ቤታችን ያለው 220 ቮልት ይገድላል። ምልክቱ ቢኖርም መጀመሪያ ቆጣሪውን አጥፉ፤ እለምናችኋለሁ።

ከባቲ፦ የሰኞ ገበያ ላይ አሮጌ የአሜሪካ ፒንሳ አገኘሁ። አንዱ መንጋጋ ጫፉ ተሰብሯል። በብየዳ ቢጠገን?

አይበየድም። የብየዳ ሙቀት ጥርሱን ያጠነከረውን ሥራ ሁሉ ያፈርሰዋል፤ ዙሪያው ይለሰልሳል፣ ዳሩ ደግሞ ተሰባሪ ይሆናል። ጫናው ሲመጣ ቁራጩ ወደ ዓይንህ ሊበር ይችላል። የከበበ ጥርስ በመፈግፈጊያ ማሽን መሳልም እንደዚያው ነው፤ ብረቱ ሰማያዊ ሲሆን ካየህ ጥንካሬው ሄዷል።

ሰማያዊ እጀታ ያለው ቻነሎክ ከሆነ ግን ያልተሰበረ ስታገኝ አትለፈው። ባለ ጎድጓዳ እርከኑን ፒንሳ ያወጣው ይኸው የፔንሲልቫኒያ ኩባንያ ነው፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1933 ነበር። ጎድጓዳው በደንብ ከገባ አይዘልም፤ አሮጌውም ጥርሱ ካልከበበ ገና ብዙ ይሠራል።

ከደሴ፣ አራዳ፦ የደሴ ጭጋግ ያዛግብኛል።

ማታ ሳጥን ውስጥ ከመክተትህ በፊት በደረቅ ጨርቅ ጥረገው፤ ማጠፊያው ላይ አንድ ጠብታ ዘይት። እርጥብ ጆንያ ውስጥ አታሳድረው። ሌላ ምስጢር የለውም።

ከወረኢሉ፦ ሙያ ጨርሼ ሥራ ልጀምር ነው። በአንድ ውድ ዋጋ ሁለት ሦስት ርካሽ ይገዛል። ቧንቧ ሠራተኛ ደግሞ ሁልጊዜ ሁለት ይፈልጋል፤ አንዱ ሊይዝ፣ አንዱ ሊያዞር። አንድ ውድና አንድ ርካሽ ላድርግ?

ልጄ፣ እኔም በአንተ ዕድሜ እንዲሁ አስቤ ነበር። የሚያዞረው ጠንካራ ይሁን፣ የሚይዘው ዝም ብሎ ስለሚቆም ርካሽ ቢሆን ምን አለበት አልሁ። አንድ ቀን ቧንቧ ውሃ ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ የዛገ መጋጠሚያ ስፈታ በግራ እጄ የያዝሁት ርካሹ እርከኑን ዘለለ። ቱቦው ግድግዳው ውስጥ አብሮ ዞረና ተሰበረ፤ እጄ ደግሞ ከብሎኬቱ ጋር ተጋጭቶ ሁለት ጣቴ ተሰፋ። ግድግዳውን ሰብሬ፣ መስመሩን ቀይሬ፣ ለስኜ ያስረከብሁት በራሴ ኪስ ነው። የወጣው ገንዘብ የውዱን ፒንሳ ዋጋ አልፎ ነበር።

ያን ዕለት የገባኝ ነገር ይህ ነው፤ የሚይዘውም የሚያዞረውም የሚሸከሙት እኩል ጉልበት ነው። አንዱ በገፋ ቁጥር ሌላው ያንኑ ያህል ይመክታል። እንዲያውም የሚይዘው ሲያመልጥ ጉዳቱ ይከፋል፤ ከበስተኋላው ያለው ሁሉ አብሮ ይዞራልና።

ስለዚህ ምክሬ የሚከተለው ነው። ሁለት ርካሽ አትግዛ፤ በመጀመሪያ ደመወዝህ አንድ ደህና የ250 ፒንሳ ግዛ። ከጎኑ ለመያዣ ሁለተኛ ፒንሳ ሳይሆን የቱቦ መፍቻ አድርግ፤ የቱቦ መፍቻ አሠራሩ ቀላል ስለሆነ መካከለኛ ዋጋ ያለውም በደንብ ይነክሳል። ዳዶ ላይ ስትደርስ ደግሞ ልክ ቁጥሩ የሆነ መፍቻ ካለህ ፒንሳውን አታንሣ፤ የዳዶውን ማዕዘን የሚበላው ፒንሳ ነው። እጀታው ላይ ቱቦ አስገብተህ አታስረዝም፤ የ250 ፒንሳ የተሠራው ለአንድ ሰው እጅ ጉልበት ነው። እምቢ ካለህ ዘይት ጠብ አድርግበትና ቡና ጠጥተህ ተመለስ፤ አቦሉን ጠጥተህ ሳይሆን በረካውን ጨርሰህ።

ደሴ ስትመጣ ጎራ በል፤ ከመክፈልህ በፊት የመረጥኸውን አብረን እንፈትሸዋለን።